አሜን ያልኩባቸው ጠዋቶች

ሦስት ዓመት ሙሉ የእናቴ ምርቃት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሰኝ ነበር። አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም።

ስልኩ ራሱ ይከፈታል። «ልጄ፣ ወጥተሽ ግቢ። ያሰብሽው ይሳካ። ክፉ አይንካሽ። የልጅሽን ወግ ማዕረግ ለማየት ያብቃሽ።» ድምፁ የእናቴ ነው፤ ሻከር ያለ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ። እኔ ዳቦ እየቆረጥኩ ወይም ጥርሴን እየቦረሽኩ «አሜን» እላለሁ። ስልኩ ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ይልና ይጠፋል። ከዚያ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ የፀሐይ ሰሌዳ ወደማጥብባቸው ጣሪያዎች እሄዳለሁ። በደብረ ብርሃን ከተማ የዚያን ጊዜ አርባ ሺህ ጣሪያ ነበር፤ አቧራው ግን ከጣሪያው ይበልጥ ነበር።

ባለቤቴ የሚሠራው በአፋር በረሃ ስለሆነ የሚመጣው ለበዓል ብቻ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ እኔ፣ ልጄ ኤልዳናና የእናቴ ድምፅ ነበርን።

እናቴን «ለምለም ጥላ» የአረጋውያን መኖሪያ ያስገባኋት ወድጄ አይደለም። ከሰባ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ሰው ያለ አዋቂ ጠባቂ በፎቅ ቤት እንዳይውል የሚከለክል ደንብ ወጣ። እኔ ሥራ እውላለሁ፤ ኤልዳና ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ስለነበር በደንቡ እንደ አዋቂ አትቆጠርም። ሊፍቱ እናቴን በመጣች ቁጥር በካሜራው እያየ «ዕድሜዎ ለዚህ ሕንፃ አይመከርም» ይላት ጀመር። እሷም «የአንተስ ዕድሜ!» ብላ በከዘራዋ ትመታዋለች። ሁለት ጊዜ ቅጣት መጣብን። ሦስተኛው ሳይመጣ ወሰድኳት።

ውሉ ሠላሳ ገጽ ነው። እኔ የተማርኩት ንባብ ከትምህርት ቤት በወጣበት ዘመን ነው፤ ስልክ ያነባል፣ ሰው ይሰማል፣ ይባል ነበር። ስልኬን ወረቀቱ ላይ ደቀንኩት። «ውሉ ሠላሳ ገጽ ነው» አለኝ። «ባጭሩ፦ እናትዎ በጥሩ እጅ ላይ ናቸው። ይስማማሉ?»

«አሜን» አልኩ።

የመኖሪያው ኃላፊ ወይዘሮ ዮርዳኖስ ሳቅ አለች። «እንዴት ደስ የሚል መልስ ነው» አለችኝ።

ለምለም ጥላ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የጠባሴን ሰፈር አልፎ የቆመ ነጭ ግንብ ነው። ሠራተኞቹ በሙሉ አረጋውያኑን «እማዬ» እና «አባዬ» እንዲሉ በመመሪያ ታዘዋል። ያላለ ሠራተኛ ይቀጣል። በየሁለት ወሩ ሃያ ደቂቃ እንድንጎበኝ ይፈቀድልናል። እናቴን ነጭ ነጠላ አልብሰው፣ ፀጉሯን አበጥረው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ያመጡልናል። ዓይኗ ግማሽ ክድን ነው።

«እማዬ» እላታለሁ። ዞር አትልም።

«ዛሬ ጠዋት ስትመርቅ ብዙ ደክማለች» ትላለች ወይዘሮ ዮርዳኖስ። «ደግሞ በደንብ ትተኛለች። በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ ጸጋ ነው።»

እኔም አመስግኜ እመለሳለሁ። ነገሩን ሳስበው አሁን ያሳፍረኛል፤ ምክንያቱም እናቴ መራቂ አልነበረችም። ተቆጪ ነበረች። እናቴን ብሌን ተፈራን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ሠርጌ ዕለት እንኳ የመረቀችኝ «ቀሚስሽ ይጎተታል፣ ሰብሰብ አድርጊው» ብላ ነው። ሰባ ስምንት ዓመት ሙሉ ስትቆጣ የኖረች ሴት በየጠዋቱ አርባ ቃል ምርቃት ስትልክልኝ፣ እርጅና አለዘባት ብዬ ደስ አለኝ እንጂ አልጠረጠርኩም።

ንባብ የተማርኩት በሌላ ጭንቀት ነው። ኤልዳና ታማ ሳለ ኔትወርክ ለሁለት ቀን ጠፋ። የመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ ስንት ማንኪያ እንደሚሰጥ ተጽፏል፤ እኔ ግን ጠርሙሱን አገላብጬ ማየት ብቻ ነው የቻልኩት። ጎረቤት ለጎረቤት ዞርኩ። አሥራ አራት ፎቅ፣ አንድም አንባቢ የለም። ልጄ ዳነች፤ እኔ ግን የዚያኑ ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ በሚሰጠው የፊደል ትምህርት ተመዘገብኩ።

ስምንት ነበርን። ከመካከላችን አንዱ ሃያ ዓመት ዳኛ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡት አቶ ቃለአብ ናቸው። መምህራችን ናኦድ የሚባል ትዕግሥተኛ ሰው ነው። በስድስተኛው ወር «ከቤታችሁ ያለ ማንኛውንም ወረቀት ይዛችሁ ኑና ጮክ ብላችሁ አንብቡ» አለን። ቤቴ ያለው ወረቀት የእናቴ ውል ብቻ ነው።

በየቅዳሜው አንድ ገጽ፣ አንዳንዴ ግማሽ እያነበብኩ ዘጠነኛው አንቀጽ ላይ ደረስኩ። ጣቴን ከፊደሉ ሥር እየጎተትኩ ነበር የማነበው።

«የላኪዋ… የዕለት አሜን… በዚያ ዕለት ለቀረበው… የእንክብካቤ ማሻሻያ… ሙሉ ስምምነት… ሆኖ ይመዘገባል።»

«ቆንጆ አነበብሽ» አለ መምህር ናኦድ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት። ላኪዋ የሚለው እናቷን ያስገባችውን ልጅ፣ እኔን ነው። አቶ ቃለአብ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር።

«ይህን ውል አውቀዋለሁ» አሉ። «ያጸደቅኩት እኔ ነኝ። ስልኩ ‹ደህና ነው› አለኝ።»

«እና እርስዎ ምን አሉ?» አለቻቸው አጠገባቸው የተቀመጠች ሹፌር።

«ደህና ነው አልኳ!»

ሰኞ ጠዋት ለምለም ጥላ ሄጄ የማሻሻያዎቹን ዝርዝር በወረቀት ስጡኝ አልኩ። ወይዘሮ ዮርዳኖስ «በወረቀት?» ብላ እንደ እንግዳ ነገር አየችኝ። ፈልጋ ግን ሰጠችኝ፤ ምክንያቱም የሚደበቅ ነገር እንዳለ አታስብም። እዚያው እንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ ተቀምጬ አነበብኩ። ከዝርዝሩ ጎን ቀኑና የእኔ አሜን የፈጀው ጊዜ በሴኮንድ ሰፍሯል።

ተገልጋይዋ ራት ሲበሉ ልብስ ስለሚያቆሽሹ ራት እንዲቀር። አሜን፣ 0.6 ሴኮንድ።

መነጽራቸው ተሰብሮ እንዳይጎዳቸው እንዲነሳ። አሜን።

ከመስኮት ብርሃን እንቅልፍ ስለሚነሳ አልጋቸው ወደ ግድግዳ እንዲዞር። አሜን።

ሠራተኛ ስለተሳደቡ፣ ለራሳቸው ደህንነት፣ ሁለት እጃቸው ከአልጋ ጋር በለስላሳ ማሰሪያ እንዲታሰር። አሜን፣ 0.4 ሴኮንድ። ይህ ቀን ትዝ ይለኛል። ለሥራ ረፍዶብኝ ነበር።

ቁርስ የሚቀርበው አርባ ቃል ምርቃት ከተመዘገበ በኋላ እንዲሆን። አሜን።

ተገልጋይዋ መመረቅ ስላቆሙ ምርቃቱ ቀደም ሲል ከተቀዳ ድምፃቸው እየተቀነባበረ እንዲላክ፤ ተገልጋይዋም በቀን ለአሥራ ስምንት ሰዓት ዕረፍት እንዲያደርጉ። አሜን።

ድምፁ እንዲቀነባበር የሚለው የተጻፈው ከሁለት ዓመት በፊት ነው።

ወይዘሮ ዮርዳኖስ ውኃ አመጣችልኝ። ዝርዝሩን ከእጄ ስላላወረድኩ ብርጭቆውን ራሷ ያዘችልኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ይህን መጻፍ አለብኝ።

«ወይዘሮ ሳምራዊት» አለችኝ በለሆሳስ፣ «እኛ እኮ ያለ እርስዎ አሜን አንዲት ማንኪያ አላነሳንም።»

«እናቴን ስጡኝ። ልጄ አሁን አሥራ ስድስት ሞላት፤ ትምህርቷን ቤት ሆና ነው የምትከታተለው። በደንቡም እንደ አዋቂ ትቆጠራለች።»

«በቃል አይሆንም። አንቀጽ አሥራ አራት አለ።»

አንቀጽ አሥራ አራትን እዚያው አነበብኩት። ላኪዋ ከመጀመሪያው እስከ ሰባተኛው ጠዋት ምርቃት ድረስ አንድም ጊዜ አሜን ካላለች አገልግሎቱን እንደማትፈልገው ተቆጥሮ ውሉ ይቋረጣል፤ ተገልጋይዋም ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

«ሰባት ቀን ዝም ማለት ብቻ?» አልኩ።

ወይዘሮ ዮርዳኖስ ሳቀች። «እስካሁን የቻለ የለም። አንድ ሰውዬ አራት ቀን ደርሰው ነበር፤ እሳቸውም ሰመመን ውስጥ ሆነው ነው። እናት መርቃ ዝም የሚል ሐበሻ አለ እንዴ?»

በማግሥቱ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ጠዋት ከንፈሬን ነክሼ አሳለፍኩት። ስልኩ ብርቱካንማ መብራት አበራ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው እንዲሁ አለፉ። በአምስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቆመው አየሁ። ተነሥቼ ወንበሬን ሰጠኋቸው።

«ጉልበትሽን አይመመው፣ ልጄ!» አሉኝ።

«አሜን፣ አባቴ!»

ቦርሳዬ ውስጥ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለ።

ስልክ ቤት ጥዬ መውጣት አልችልም ነበር፤ ያለ ስልክ የአውቶቡስም የጣሪያም በር አይከፈትም። ለምለም ጥላ ደወልኩ። አንድ ወጣት ሠራተኛ በትሕትና መለሰልኝ። «ለማን እንዳሉት ሥርዓቱ አይለይም፣ እናቴ። የእርስዎ ድምፅ ነው፣ አሜን ነው።»

«ዛሬ የቀረበው ማሻሻያ ምን ነበር?»

«ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው እንዲወሰድ ነው። ስለማያኝኩበት።»

አውቶቡሱ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ሽማግሌው «ምን ሆንሽ፣ ልጄ?» ሲሉኝ፣ ደግሞ ሊመርቁኝ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ከመውረጃዬ በፊት ወረድኩ።

ማታ ነገሩን ለኤልዳና ነገርኳት። ከዚያ ተነሥታ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ አንድ ማሰሮ ቆሎ አመጣች።

«ማሚ፣ አፍሽ ባዶ ከሆነ ያመልጥሻል» አለች። «ጠዋት ውኃ፣ ቀን ቆሎ።»

«እንደገና ሰባት ቀን?»

«ሰባት ቀን። ሰው ሲያናግርሽ ጥርሴን አመመኝ በይ። አይ፣ እንዲያውም አትበዪ። በእጅሽ አሳዪ።»

እንደዚያው አደረግን። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ሲሆን አንድ ጉንጭ ውኃ እይዛለሁ። ምርቃቱ ይመጣል። ያልቃል። ስልኩ ለአንድ ደቂቃ ይጠብቃል። ብርቱካንማው ይበራል። ውኃውን እተፋለሁ። ከዚያ ጉንጬን በቆሎ ሞልቼ ሥራ እሄዳለሁ። ጣሪያ ላይ አለቃዬ «ምነው ዛሬ ጉንጭሽ አበጠ?» ሲለኝ በጣቴ ጥርሴን አሳየዋለሁ። እሱም «ይማርሽ» ይላል። ለዚህም አሜን ይባላል። እኔ ቆሎዬን አኝካለሁ።

ሥርዓቱ ዝምታዬን እንደ ሕመም ቆጥሮ ይመስለኛል፣ ምርቃቱን አበረታው። በሦስተኛው ቀን አርባው ቃል ስድሳ ሆነ። በአራተኛው «ልጄ፣ ድምፅሽን ካልሰማሁ ቁርስ አይወርድልኝም» አለችኝ። የእናቴ ድምፅ ነው፤ መንቀጥቀጡ እንኳ አልቀረም። በስድስተኛው ቀን አለቀሰች።

ኤልዳና እጄን ጨምቃ ያዘች።

«ማሚ፣ እቴቴ እኮ አልቅሳ አታውቅም» አለችኝ። «ሲከፋት ምን ትላለች?»

እቴቴ የምንላት ቤት ውስጥ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ የምጠራት እንዲያ ነበር፤ «እማዬ» ማለት የጀመርኩት ለምለም ጥላ ውስጥ ሁሉም እንዲያ ሲላት ሰምቼ ነው። አፌ ውኃ ሞልቶ ስለነበር አልመለስኩላትም። ግን አውቃለሁ። ሲከፋት «ሂጂልኝ ከፊቴ» ነው የምትለው።

በሰባተኛው ቀን ድምፁ ጸጥ ያለ ነበር። እኔን አልመረቀም። «ኤልዳናዬን» አለ፣ «ከክፉ በሽታ ይሰውርልኝ። ከመኪና፣ ከእሳት፣ ከሰው ዓይን ይሰውርልኝ። ወልዳ ለመሳም ያብቃልኝ።»

ይህን የሚያነብ ሰው ልጅ ካለው ይገባዋል። ልጄ ታማ ጠርሙስ አገላብጬ ያየሁ ሴት ነኝ። ለልጄ የተመረቀውን ምርቃት መሬት ላይ ጥዬ መሄድ አልቻልኩም። ይህ ማሽን ነው ብዬ አሰብኩ፤ ግን ምርቃቱ ቢይዝስ? እኔ ዝም በማለቴ ልጄ አንድ ነገር ብትሆንስ? ውኃው ጉሮሮዬ ውስጥ ወረደ። አፌ ባዶ ሆነ። ከንፈሬ ተከፈተ።

ኤልዳና መዳፏን አፌ ላይ ጫነችው። በሌላ እጇ ማጅራቴን ያዘች። ግንባሬን ግንባሯ ላይ አስደግፋ በጆሮዬ ቆጠረች፤ «ሃምሳ ዘጠኝ፣ ሃምሳ ስምንት፣ ሃምሳ ሰባት…» ስልኩ ጠበቀ። «ልጄ?» አለ። «ልጄ፣ አለሽ?» እኔ መዳፏ ውስጥ እየተነፈስኩ ነበር።

መብራቱ ቀይ ሆነ። «ውልዎ ተቋርጧል» አለ ስልኩ በራሱ ድምፅ። «ለምለም ጥላን ስለመረጡ እናመሰግናለን።»

እናቴን ያመጧት ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለት ሠራተኞች በተሽከርካሪ ወንበር አምጥተው የሕንፃው በር ላይ አቆሟትና በጽሑፍ አስፈረሙኝ። ፊርማዬን በፊደል ጻፍኩ። «ደህና ሁኚ፣ እማዬ» ብለዋት ሄዱ። የእጇ አንጓ ዙሪያ ፀጉር የሌለው፣ የሚያብረቀርቅ የማሰሪያ ጠባሳ አለ። ጥርሷ የለም። ሊፍቱ ሲያያት «ዕድሜዎ ለዚህ ሕንፃ አይመከርም» አላት። ዝም አለችው።

«እማዬ» አልኳት። ዓይኗ ወደ ግድግዳው ነበር።

«እቴቴ» አልኳት።

ዞረች። አተኩራ አየችኝ። ወይ አላወቀችኝም፣ ወይ አውቃኝ አወቅኩሽ ለማለት ፈራች፤ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

የምስር ሾርባ ሠርቼ ፊቷ አስቀመጥኩ። ማንኪያውን አላነሳችም። ዓይኗን ሾርባው ላይ ተክላ፣ በፍጥነት፣ አንድም ቦታ ሳትቆም፣ «ዕድሜሽ ይርዘም ያሰብሽው ይሳካ ክፉ አይንካሽ ወጥተሽ ግቢ ቤትሽ ይሙላ…» ማለት ጀመረች። ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ እየተንቀሳቀሱ ነበር። ኤልዳና መጀመሪያ አልገባትም። በኋላ ገባትና ፊቷን አዞረች። እቴቴ ቃላቱን እየቆጠረች ነበር። አርባ ሲሞላ አቆመችና እንዲፈቀድላት ጠበቀች።

«እቴቴ፣ እዚህ ቤት እንዲያው ነው የሚበላው» አልኳት። «ብዪ።»

አልበላችም። አሜን እንድልላት ትጠብቅ ነበር። እኔ ደግሞ አሜን ማለት አልቻልኩም። ኤልዳና ማንኪያውን አንሥታ አጎረሰቻት።

ይህ ሃያ ሦስት ቀን ቆየ። በየማዕዱ አርባ ቃል። እኔ ከሥራ ስመለስ ኤልዳና «ዛሬም» ትለኛለች። አልጋዋን መስኮት አጠገብ አደረግንላት፤ እሷ ግን ወደ ግድግዳ ትዞራለች። ጥርስ እንዲሠራላት ተመዘገብን። ቅዳሜ ከትምህርት ስመለስ አቶ ቃለአብ የሌሎች ሰዎችን ውሎች ተሸክመው ከኋላዬ ይመጣሉ፤ ማታ ማታ ለጎረቤቶቻችን ማንበብ ጀምረናል። አራት ቤተሰቦች ቆሎ ገዝተዋል።

በሃያ አራተኛው ቀን ምሳ ላይ ሾርባውን አስቀመጥኩላት። እንደ ልማዷ አፏን ከፈተች። «ዕድሜሽ…» አለች። ቆመች። ማንኪያውን ራሷ አነሣችና ቀመሰች። ፊቷ ተኮሳተረ።

«አንቺ ሳምሪ» አለችኝ፣ «ይኼ ሾርባ ጨው የለውም። ምግብ መሥራት መቼ ነው የምትለምጂው?»

«አሜን» አልኩ።